የፊታውራሪው እፍኝ

ፊታውራሪ አጥናፌ በወረዳው ላይ በተሾሙ ሰሞን አሽከሮቻቸውን አስከትለው ትምህርት ቤት ሊጎበኙ ሄዱ። አንድ ምላሰኛ አስተማሪ ልጆቹን ጓሮ አውጥቶ የድንች አተካከል ያስተምራል። ልጆቹ ተንበርክከው በየራሳቸው ስንዝር እየለኩ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የአንዱ እጅ ትንሽ፣ የሌላው ትልቅ ስለሆነ መስመሩ የሰካራም ዱካ መስሏል።

ፊታውራሪ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እኔ ባለሁበት አገር የጭሰኛ ልጅ እጅ መለኪያ ይሆናል?" አሉ፣ ነጩን ኩታቸውን እያጣፉ። "ከዛሬ ጀምሮ ስንዝር ማለት የእኔ ስንዝር ነው። ክንድም የእኔ፣ እፍኝም የእኔ። በሌላ ሰው እጅ ስትለኩ ብሰማ አንተን ነው የማስገርፍህ።"

አሽከሮቹ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። ልጆቹ እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ።

አስተማሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

"ትእዛዝዎ ይፈጸማል ጌታዬ። ደግሞ በደህና ሰዓት መጡልን" አለና ልጆቹን ገለል አድርጎ ከአጥሩ ሥር የተከመረውን ትኩስ የላም ፍግ ለፊታውራሪ አሳያቸው። "ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል። አሁን የሚቀረን በየጉድጓዱ ከዚህ አንዳንድ እፍኝ መጨመር ነው። እፍኙ የእርስዎ ከሆነ እኛ እጃችንን አናስገባም። ኩታዎን አሽከርዎ ይያዝልዎትና ይጀምሩልን።"