በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ

ይህች ተረት ከአንዲት ትንሽ ምኞት ትነሳለች፤ የምትዞረው ግን ሩቅ ነው።

ትርንጎ በአንዲት የቆላ ከተማ ጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ነበረች። የምትሻው በመድኃኒት እሽግ ላይ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብላ በአማርኛ ማተም ብቻ ነበር። ማተሚያው የሚያወጣው እንግሊዝኛ ነው። ፋርማሲስቱ አቶ ሲራክ በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ ወረፋው ሲረዝም ግን ሳይጻፍበት የሚሄደው ይበዛል።

ፊደላችንን ለማተሚያ የሚያዘጋጅ፣ ብዙዎች በጋራ የጻፉት፣ ማንም በነፃ የሚወስደው «ቀሰም» የተባለ ኮድ እንዳለ ሰማችና ወሰደችው። ኮዱ ግን ተገንብቶ የሚሠራ ፕሮግራም አልሆን አለ። ኮዱን ለሚያስተዳድረው ለናሆም ጻፈች። እኔ ጋ ይሠራል አላት፤ ያረጀው ኮዱን የሚገነባልሽ ኮምፓይለር ነውና ባለቤቶቹን ጠይቂ።

ጠየቀች። አዲሱን ሰጧት፤ አልጫን አላት። እኛ ምን እናድርግ፣ ያረጀው የኮምፒውተርሽ ሲስተም ነው አሏት። እንግዲህ ማተሚያው ያለ ቀሰም አማርኛ አልጽፍ አለ፤ ቀሰም ያለ አዲስ ኮምፓይለር አልገነባ አለ፤ አዲሱ ኮምፓይለር በአሮጌው ሲስተም አልጫን አለ።

ሲስተሙን ልትቀይር ተነሳች። የሲስተሙ ሰዎች ደግሞ፣ አዲሱ ሲስተም ለዚህ ኮምፒውተር ይከብደዋል፣ ኮምፒውተር አስለውጪ አሏት። ንብረት ክፍል ሁለት ወር አመላልሶ አንድ አዲስ ኮምፒውተር አዋሳት። እሱ ደግሞ ማተሚያውን አላውቀውም አለ። የማተሚያው ሻጭ ስልክ አንስቶ፣ ማተሚያው የድሮ ነው፣ የሚግባባው ከድሮ ኮምፒውተር ጋር ነው፣ ለፊደሉ ከሆነ የቀሰምን ሰዎች ጠይቂ አለና ዘጋው።

ማተሚያው ያለ ቀሰም አማርኛ አልጽፍ አለ፤ ቀሰም ያለ አዲስ ኮምፓይለር አልገነባ አለ፤ አዲሱ ኮምፓይለር በአሮጌው ሲስተም አልጫን አለ፤ አዲሱ ሲስተም በአሮጌው ኮምፒውተር አልነሳ አለ፤ አዲሱ ኮምፒውተር ማተሚያውን አላውቅ አለ።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» አለች ትርንጎ። ኖሮ ኖሮ ከመሬት የሚለውን አልጨረሰችውም። በዚያው ሳምንት የጣቢያው ታካሚ ጋሽ ጓንጉል የልብ መድኃኒታቸውን እጥፍ ውጠው ሞቱ። ልጃቸው እንግሊዝኛ ብቻ የታተመበትን እሽግ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ምን ይላል?»

አቶ ሲራክ መነጽራቸውን አወለቁ።

ከዚያ ወዲያ ትርንጎ ማንንም አልጠየቀችም። ለቀሰም የተላኩትን የቆዩ መልእክቶች ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ማንበብ ያዘች። በሦስተኛው ቀን ኡመር የሚባል የአፋር ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈውን አገኘች። እሱም ለመድኃኒት ቤት ነበር የፈለገው። አንዲት መስመር በአዲስ አጻጻፍ ስለተጻፈች የድሮው ኮምፓይለር አልገባውም፣ በድሮው አጻጻፍ አስተካክዬ ልኬያለሁ፣ በሁሉም ይሠራል ይላል። ከሥሩ የተሰጠው መልስ፣ የኮምፓይለሩን ሰዎች ጠይቅ የሚል ነው። ከዚያ ሰው ሳያየው ስለቆየ ጥያቄው በራሱ ጊዜ ተዘግቷል።

መስመሯን ሞከረቻት፤ ሠራች። በኡመር ስም መልሳ ለናሆም ላከችና ከሥሯ ጻፈች፦ «ሰው ሞቶብናል። አንድ መስመር ነው።»

ናሆም ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀበለ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ብቻዬን ነኝ፣ የምሠራው ያለ ደመወዝ ነው አለ። እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ንዴቷ የሚያርፍበት አጣ።

ናሆም መስመሯን ተቀበለ፤ መስመሯ ቀሰምን አገራችው፤ ቀሰም በአሮጌው ኮምፓይለር ተገነባ፤ አሮጌው ኮምፓይለር በአሮጌው ሲስተም ሠራ፤ አሮጌው ሲስተም በአሮጌው ኮምፒውተር ተነሳ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ማተሚያውን አወቀ፤ ማተሚያው አማርኛ ጻፈ። አቶ ሲራክ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድደው አንድ እሽግ ላይ ለጠፉት።

ትርንጎ የኡመርን ስልክ አፈላልጋ ደወለች። ሥራህ ተቀባይነት አገኘ፣ ስምህም አለበት አለችው።

«ለመቀበል ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?» አላት።

«ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

«ሁለት ሰዓት» አለ ኡመር፤ ስልኩንም ዘጋው።