የሚያብረቀርቀው ብየዳ

አንድ በያጅ ነበረ። የተበጠሰ ሽቦ በእርሳስ ሲቀጥል ዕድሜውን የፈጀ፣ እጁ የተባረከ ሰው። እጁ የተባረከ መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ ራሱ ያውቅ ነበር። ይህ ሰው ከአንድ ባልንጀራው ጋር በመንኮራኩር ወደ ጠፈር ተላከ።

እዚያ ክብደት የለም። ሰውም ዕቃውም ይንሳፈፋል። በምድር ሳለ ወገቡን ሲያጎብጠው የኖረው ሸክም ሲለቀው፣ በያጁ እንደ ሕፃን ሳቀ። «ተመስገን፣ ተገላገልኩ!» አለ።

አንድ ቀን ባልንጀራው በሚተኛባት ጠባብ ክፍል ያለው የማራገቢያ ሽቦ ተበጠሰ። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እዚያ ሰው የተነፈሰው አየር ከፊቱ አይርቅም፤ ማራገቢያ ካልገፋለት የገዛ ትንፋሹ ያፍነዋል። በያጁ መበየጃውን አግሎ ሽቦውን ቀጠለው። የቀለጠው እርሳስ አልተንጠባጠበም፤ በራሱ ተድበልብሎ ሽቦውን አቀፈና አብረቀረቀ። በምድር እንዲህ ያማረ ብየዳ ሠርቶ አያውቅም።

«ወንድሜ፣ እስቲ ሌላ አንድ በይድና ቆርጠን ውስጡን እንየው» አለ ባልንጀራው።

«የኔን ሥራ? ብየዳ እኮ በመልኩ ይታወቃል። ይልቅ ግባና ተኛ።»

እውነቱን ነው፤ በምድር በመልኩ ይታወቃል። እርሳስ ሲቀልጥ አብሮት ያለው ሙጫ ይጨሳል፤ ጭሱም አረፋ ሆኖ እርሳሱ ውስጥ ይገባል። በምድር እርሳሱ በክብደቱ ወደ ታች ሲጫን አረፋው ተገፍቶ ይወጣል። ክብደት በሌለበት ግን ላይም ታችም የለም፤ አረፋው የሚገፋው አጥቶ እዚያው ይቀራል።

በሦስተኛው ቀን ብየዳው ተሰነጠቀ። በያጁ ሌላ ክፍል ሥራ ላይ ነበር። ባልንጀራውን ሊቀሰቅስ ሲመጣ ማራገቢያው ቆሟል። ጠራው፣ ነቀነቀው፤ ባልንጀራው አልነቃም።

ያን ጊዜ ብየዳውን ቆረጠው። ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር። አለቀሰ፤ እንባው ግን አልወረደም። ዓይኑ ላይ ተድበልብሎ ቀረ፤ የባልንጀራውን ፊት እንኳ ጋረደበት። ተገላገልኩት ያለው ክብደት ምን ያህል እንደናፈቀው አትጠይቂኝ።

ልጄ፣ ባልሽን ከቀበርሽ አርባ ቀን ሆነሽ። «እግዜር ይህን ክብደት ለምን አያነሣልኝም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለልጆችሽ ስትዪ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰስሽም፤ ጎረቤቱም «እንዴት ያለች ጠንካራ ናት!» ይልሻል። ያ ብየዳ አንቺ ነሽ። ልጆችሽ የሚተነፍሱት ባንቺ ነው። ውስጥሽ የቀረውን ጭስ ገፍቶ የሚያወጣልሽ ደግሞ ይኸው እንዲነሣልሽ የምትለምኚው ክብደት ነው። ተዪው፣ ይጫንሽ። አልቅሺ ልጄ፤ አንቺ ምድር ላይ ነሽ፣ እንባሽ ይወርዳል።