የቀጨሞ ኮረብታ ጠባቂ

በአንድ ወቅት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በሰንበሌጥ ከተማ ላይ ይወርድ ነበር። ሰማዩ ከሰል መስሏል። ከሳምንት በፊት የታችኛውን ሰፈር ዳርቻ ጠራርጎ የወሰደው የገበቴ ወንዝ ያን ዕለትም እንደ ተቆጣ በሬ ያገሳ ነበር።

ሰንበሌጥን በአንድ ወገን ወንዝ፣ በሌላው ገደል ይዟታል፤ ለመስፋት የቀራት ደረቅ ምድር የቀጨሞ ኮረብታ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ሹም አቶ ዘውገ ኮረብታውን አጥረው ኖሩ። ሊሞቱ ሲሉም የእድሩን ዳኛ አስጠርተው ተናዘዙ፦ «ኮረብታው ገና ላልተወለዱት ነው። ከልጆቼ መካከል ለእነርሱ ያተረፈላቸው እርሱ ይጠብቀው። በዚያ ላይ ማን ቤት እንደሚሠራም እርሱ ይወስን።»

ልጆቻቸው ሦስት ነበሩ።

በኩሩ ማንያዘዋል የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ነበር። በእርሱ ፕላን ኮረብታው ጠባብ መንገዶችን፣ የውሃ መስመርንና ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ፎቆችን ተሸክሞ፣ ከተማዋ ወደፊት የምትወልዳቸውን ሁሉ ይችላል። ባለሀብት ለመነው፤ ባለሥልጣን ዛተበት፤ እርሱ ግን አንዲት ካሬ ሳይሰጥ ዓመታትን ቆየ። «ዛሬ እንደ ድፎ ከቆረስነው፣ የልጅ ልጆቻችን ፍርፋሪ ይለቅማሉ» ይል ነበር።

የመጨረሻው ጓንጉል አናጢ ነበር። ሚስቱ ደባሽ በዚያው ሳምንት ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ ግድግዳው ውሃ በጠጣ የታችኛው ሰፈር ቤት ውስጥ ተኝታለች። ስለዚህ በዚያ ቀን ጠዋት ቤት ያጡትን አስከትሎ አጥሩን በመጥረቢያ ጣለው፤ ዝናቡ ሲበረታም ባለ ቆርቆሮ ጎጆዎችን በረድፍ አቁመው ነበር። የመጀመሪያይቱ የአራሷ ናት፤ ክዳኗ እንዳለቀ ደባሽን በቃሬዛ ሊያወጧት ተስማምተዋል።

ማንያዘዋል በዶዘርና በጥበቃዎች ታጅቦ ደረሰ።

«ውረድ አንተ!» ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ላልተወለደ ሰው መሥራት ምንኛ ቀላል ነው!» አለ ጓንጉል ከጣሪያው ላይ። «ቆርቆሮ አይጠይቅህ፣ አይበርደው፣ አያለቅስ!»

«የተወለደው አፍ አለው። ላልተወለደው አፉ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አፍህን ዝጋና ሚስቴ ትለፍ!»

የዶዘሩ ሾፌር ይህን ሰምቶ አመነታ። ማንያዘዋል ጎትቶ አወረደውና ራሱ መሪውን ያዘ። ጓንጉል ዘልሎ ወረደ፤ የዶዘሩ ብረት የአራሷን ጎጆ ወገቧ ላይ ሲመታት፣ በጣሪያው ሌላኛው ማዕዘን ሚስማር ሲመታ የነበረው ባልንጀራው ቢያድግልኝ ከነቆርቆሮው ተደርምሶ እግሩ ተቀጠቀጠ። ጩኸቱ ከዝናቡ በላይ ተሰማ። ጓንጉልም በመጥረቢያው ተንደርድሮ፣ ማንሻውን የጨበጠውን የወንድሙን እጅ መታ። ሁለት ጣቶች ጭቃው ላይ ወደቁ። ጥበቃዎቹ ጠመንጃ አቀባበሉ፤ ቤት አልባዎቹ ገጀራና ድንጋይ አነሡ። የአንዱ ጥበቃ ራስ ተፈነከተ። የመጀመሪያው ጥይትም በቆርቆሮ መካከል አፏጨ።

መካከለኛይቱ ትርንጎ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናት። በሰንበሌጥ የልቅሶ ድንኳን በተተከለበት ስፍራ እጅ አይነሣም፤ ደመኛ እንኳ ከደመኛው ጎን አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እርስዋም የተኩሱን ድምፅ ሰምታ ድንኳኑን በጋሪ አስጫነች፤ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ «ንፋ!» አለችው።

«ማን ሞተና ነው እትዬ ትርንጎ?»

«ሁለቱም ወንድሞቼ። ንፋ ብዬሃለሁ!»

በገጀራውና በጠመንጃው መካከል ድንኳኑን አስተከለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደረቷን እየመታች ሙሾ ጀመረች። ጓንጉል ተደናገጠ።

«እታለም፣ እኛ ቆመናል እኮ!»

«ቁመት ነው እንጂ ነፍስ የት አላችሁ? አስከሬን ከለቀስተኛ ጋር አያወራም፤ ዝም በል!»

በዚያ ደም መካከል አንድ ሰው ሳቀ፤ ገጀራዎቹ ወረዱ፤ ጥበቃዎቹም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥሩምባውን የሰማ የታችኛው ሰፈር ሕዝብ ሁሉ፣ መቆም የቻለ ሁሉ፣ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ እድርተኛ ከልቅሶ አይቀርምና። ደባሽን የሚያርሱት ሴቶችም ወጡ። አራስ ግን የልቅሶ ድንኳን አትረግጥም። ደባሽ ከሕፃን ልጇ ጋር ቀረች። በየቤቱ የነበሩ ሌሎች አራሶችና የአልጋ ቁራኞችም እንዲሁ።

ብዙም ሳይቆይ የላይኛው አገር ጎርፍ መጣ። ገበቴ ዳርቻውን ጥሶ ዛፍ ከነሥሩ፣ ግድግዳ ከነመስኮቱ እየነቀለ ሰፈሩን ዋጠው። ጓንጉል ቁልቁል ሮጠ፤ ማንያዘዋል ደም የሚያንጠባጥብ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ተከተለው። ሁለቱም እስከ ደረታቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ገቡ። ቤቱ በቆመበት ስፍራ የሚጨበጥ ምሰሶ እንኳ አልነበረም። አንዱ ሌላውን አንገቱን ይዞ ጎትቶ አወጣው፤ ማን ማንን እንዳወጣ ግን ያየ የለም።

ውሃው ሲጎድል የእድሩ ዳኛ አቶ ፈንታሁን ሦስቱን በሕዝብ ፊት አቆሟቸው። እስከዚያ ቀን ያልተፈረደበት ኑዛዜ ጠባቂ ይፈልጋልና።

«እኔ ባልከለክል ኖሮ» አለ ማንያዘዋል፣ «ኮረብታው ተሸጦ፣ በባለሀብት ግንብ ታጥሮ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ በየትኛው ምድር ላይ ይቆም ነበር?»

«እኔ ባልሠራ ኖሮ» አለ ጓንጉል፣ «የወጡት ሕፃናት በዚያ በረዶ ማደሪያ አጥተው ያልቁ ነበር። በቀሩት ጎጆዎች ተጠልለው አደሩ። የእኔን ጎጆ ያፈረሰው ግን...» ብሎ አልጨረሰውም።

«እኔ ባልዋሽ ኖሮ» አለች ትርንጎ፣ «እናንተ ተራርዳችሁ፣ ሌላውም እቤቱ ሳለ ውሃው ይወስደው ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የሚያርሷትን የጠራሁባት ግን እኔ ነኝ።»

አቶ ፈንታሁን ሳይፈርዱ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ሕዝቡም እየተከራከረ ተበተነ፤ እስከ ዛሬም አልተስማማም።

እናንተ የምትሰሙ ሆይ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ምድሩን ያቆየው፣ ጣሪያውን ያቆመው፣ ወይስ ሕዝቡን ያወጣችው? የቀጨሞ ኮረብታ ጥበቃ ለማን ይገባል?

በዚያ ቀን ደባሽና ስም ያልወጣለት ልጇ፣ ሌሎች አራሶችና ጨቅሎቻቸው፣ ከአልጋ መነሣት ያልቻሉ ሽማግሌዎችም ጠፉ። ኮረብታው የተጠበቀው ለእነዚያ ጨቅሎች ነበር።