የደብሪቱ ልስን

በዋርካ ሜዳ፣ ከገበያው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ፣ ሰዉ «ልስን ቤት» የሚለው አንድ የጭቃ ቤት አለ። ስንት ነዋሪ እንደተፈራረቀበት በውል የሚያውቅ የለም፤ ሸማኔ ኖሮበታል፣ ቄስ ኖሮበታል፣ ጠጅ ሻጭ ኖራበታለች፤ ከዚያ ቤት የሚለቅ ሰው ሁሉ ግን ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ግድግዳውን ለሚመጣው ሰው እንደ አዲስ ለስኖ ነው የሚወጣው። ወጉን ያመጣችው፣ እንደሚነገረው፣ ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ናት፤ ያመጣችውም በደግነት ሳይሆን በንዴት ነው ይባላል።

ደብሪቱ በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ ጭቃ አቡክታ የምትለስነው ራሷ ነበረች። በአንድ የግንቦት ማለዳ ግን ያከራያት የቤቱ ባለቤት መጥቶ «ለሸማኔው ለፈንቴ ሰጥቼዋለሁ፤ ክረምት ሳይገባ ልቀቂ» አላት። መሄጃዋ የወንድሟ ጓዳ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የሚለቅ ሰው ያስገባውን በርም ሆነ ማገር ነቅሎ መውሰድ ይችል ነበር፤ ደብሪቱ ግን ከጭቃ በቀር ያስገባችው አልነበራትም። ግንፍል የምትል ሴት ነበረችና «እንግዲያው ጭቃዬን ይዤ እሄዳለሁ!» ብላ ዶማ አነሳች፤ ዝናብ የሚመታውን ግድግዳ ትፍቀው ጀመር። የተራቆተ ግድግዳ አንድ ክረምት እንደማይሻገር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ግማሹን ፍቃ ስትጨርስ የሸማኔው ሚስት የውብዳር፣ ሆዷ የገፋ ነፍሰ ጡር፣ የጥጥ ቅርጫት ተሸክማ ደረሰች። የተፋቀውን ግድግዳ አየች፣ የደብሪቱን ፊት አየች፤ ከዚያም ቅርጫቱን አወረደች።

«እማማ፣ አሮጌውን የሚያራግፉት ለእኛ ብለው ነው? እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። በሉ ውሃውን እኔ ላምጣ።»

ደብሪቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። አዎ እንዳትል ውሸት ነው፤ የለም እንዳትል ምርቃቱ ያዛት። በመጨረሻ «አንቺማ ውሃ አትሸከሚም፤ ተቀመጪ» አለችና ጭድ በትና ጭቃውን ትረግጥ ጀመር። ሦስት ቀን ለሰነች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያማረ ልስን ሠርታ አታውቅም ይባላል። ሕፃኑ በሐምሌ ተወለደ፤ ከዚያ ሁሉ ዝናብ አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደብሪቱ ታማ ስትተኛ የውብዳርን አስጠራች።

«ልጄ፣ ያን ቀን እኮ ላፈርስባችሁ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እማማ፤ እያለቀሱ ነበር የሚፍቁት» አለች የውብዳር።

ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም ያደንቃሉ፤ ማንኛቸው ትበልጥ እንደነበር ግን ተስማምተው አያውቁም። የውብዳርም በተራዋ ስትለቅ ለስና ወጣች፤ ከእሷ በኋላ የመጡትም እንዲሁ። አምና የለቀቀው የጭነት መኪና ሾፌር ከአከራዩ ጋር ክፉኛ ተጣልቶ ነበርና፣ ጎረቤት እንደሚመሰክረው፣ ከጠዋት ጀምሮ እየተራገመ ነው የለሰነው፤ ማዕዘኗን እንኳ አልዘለለም።