ከቆንስላው አጥር ወዲህ

በሰው አገር ልብስ እየሰፋች የምትኖር አንዲት ምላሰኛ ሴት፣ ፓስፖርቷም የመኖሪያ ፈቃዷም ባንድ ሳምንት ጊዜያቸው አለቀባት። ፈቃድ ሰጪዎቹ ዘንድ ብትሄድ፣ «መጀመሪያ ፓስፖርትሽን አሳድሺ» አሏት። ወደ አገሯ ቆንስላ ብትመጣ ደግሞ ሹሙ አቶ መኳንንት፣ «መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃድሽን አሳድሺ» አሏት። እንዲህ ስትመላለስ አንድ ጫማ ጨረሰች።

በሰባተኛው ቀን ትዕግሥቷ አልቆ ጮኸች። አቶ መኳንንት ከወንበራቸው ብድግ ብለው ክራባታቸውን አስተካከሉና፣

«ሥርዓት ያዢ! ከዚህ አጥር ወዲህ የባዕድ አገር እንዳይመስልሽ። ይሄ የረገጥሽው ወለል የአገርሽ መሬት ነው!» አሏት።

ሴትዮዋ ወለሉን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ተንበርክካ ሳመችውና ነጠላዋን አንጥፋ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ምን መሆንሽ ነው?» አሏት።

«አገሬ ገባሁ፣ ጌታዬ። ሰው በገዛ አገሩ ለመቀመጥ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?»

አቶ መኳንንት ፊታቸው በርበሬ መሰለ። በሩን እያሳዩ፣ «ተነሺ! አሁኑኑ ከዚህ ግቢ ውጪልኝ!» ብለው ጮኹ።

«እወጣለሁ፣ ጌታዬ» አለች ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ። «ግን ከዚህ አጥር መውጣት ከአገር መውጣት ከሆነ፣ መጀመሪያ ፓስፖርቴን ይስጡኝ።»