አፉ ወደ ታች የሆነው ጎጆ

ተረት ተረቴ፣ ጎጆ ነው ቤቴ።

ሣር ቋጥሮ ጎጆ መሥራትን ለወፎች ያስተማሩ አንዲት ኩሩ አሮጊት ወፍ ነበሩ። የጎጆአቸው አፍ ግን ወደ ሰማይ ስለነበር በየክረምቱ እንቁላላቸውን ዝናብ ያበላሽባቸው ነበር። አንዲት ዓይን አፋር ወፍ ቋጠሮውን ከእሳቸው ተምራ የጎጆዋን አፍ ወደ ታች አደረገችው።

“እንዴት ጎጆዬን እንደ ማሰሮ ትደፊዋለሽ?” አሉ አሮጊቷ። “እንቁላሉ ሊወድቅ!”

“ቋጠሮው የእርስዎ ነው፣ እማማ። እኔ በሩን አዞርኩና ለእንቁላሉ መደብ ጨመርኩ።”

ዝናቡ ሲያይል አሮጊቷ የቀረቻቸውን አንዲት እንቁላል ታቅፈው ወደ ዓይን አፋሯ ጎጆ ገቡ። እንቁላሏም ደረቁ መደብ ላይ ተፈለፈለች። ጫጩቷ ቁልቁል አየችና፣ “እማዬ፣ እባብ እንዳይገባ በሩ ወደ ታች ረዘም ቢልስ?” አለች።

አሮጊቷ እየሳቁ ዓይን አፋሯን፣ “በይ ልጄ፣ ሣር አቀብዪኝ” አሏት።

ተረቴ አለቀ፤ ጎጆው ግን ገና ነው።