እንቁራሪት ሸንጎ የገባች ዕለት

ተረት ተረት ልላችሁ፤ የላም በረት ብላችሁ ተቀበሉኝ።

ዝሆኖች ሐይቁን ጠጥተው ጠጥተው አጎደሉት። መጀመሪያ የደረቀው ግን ዳር ላይ ያለው የእንቁራሪት ኩሬ ነበር። ስለ ውሃው ሸንጎ ሲጠራ ኤሊ፣ «ጀርባዬ ላይ ውጪ፤ ቀስ ብለን እንደርሳለን» አለቻትና ሦስት ቀን ተሸክማ አደረሰቻት። እንቁራሪት መንገዱን ሁሉ ንግግሯን ስታጠና ነበር።

በዚያ ሸንጎ ቆሞ ያልታየ አይናገርም። ዳኛው አንበሳ፣ «ባለ ጉዳይ ተነሺ!» አላት።

«ቆሜያለሁ ጌታዬ!»

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ዝሆንም፣ «አንቺ አረፍ በይ፤ ስለ ትንንሾቹ እኔ እናገራለሁ» አላት።

የእንቁራሪት ደም ፈላ። «ውሃዬን ጠጣህ፤ አሁን ደግሞ ቃሌን ልትጠጣ ነው?» አለችው። አንበሳ ሊበላት እንደሚችል አላጣችውም። ግን ኩሬ የሌላት እንቁራሪት ምን ትፈራለች? ከኤሊ ጀርባ ተስፈንጥራ አንበሳ አናት ላይ ጉብ አለች።

ዝሆን ሊመታት ኩምቢውን አነሳ። አንበሳ ቀና ብሎ አየው። ኩምቢው እንደተነሣ ቀረ።

«አሁንስ ታየሁ?» አለች እንቁራሪት። «እንግዲህ ከኩሬዬ ልጀምር።»

ተረቴን ስትመልሱ ኩሬዋንም መልሱ፤ የኔ ዳቦ ይቆየኛል።